የሞረዳው ዓሣ ቤት፣ ጀልባውና ዘፈኑ

በመተማና በኦምዱርማን መንገድ የሠራን ሴቶች ስንገናኝ ወሬያችን የሚጀምረው ከዋጋ ነው። ጊኒው ስንት ገባ፣ ሰሊጥ በስንት ወጣ፣ ኬላው ላይ ምን ተለወጠ። ከዚያ አንዷ «ሞረዳ» ትላለች፣ የዋጋው ነገር እዚያ ላይ ይቆማል። ሰሞኑን ጎንደር ለቅሶ ቤት ተገናኝተንም ያው ሆነ። ልጆቻችን ካርቱምን የሚያውቋት በስልክ ላይ ባዩት ጭስና ፍርስራሽ ነው። እኛ የምናውቃት በወንዝ፣ በዓሣና በዘፈን ነው። እንግዲህ ሳይረሳ እንጻፈው ተባባልን። ዓመታቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ በእኛ ሲሆን ዓ.ም. እንላለን።

ሞረዳ የኦምዱርማን ሰፈር ነው። ስሙ በአረብኛ ወደ ውሃ የሚወረድበት ቦታ እንደማለት ነው፤ ድሮ የጭነት ጀልባዎች የሚያራግፉበት ነበር። ለከተማው ሰው ግን ሞረዳ ማለት ዓሣ ነው። ጥቁር አባይና ነጭ አባይ የሚገናኙበት፣ ሙግረን የሚሉት ቦታ፣ ከዚያ ብዙ አይርቅም። ከበጋው ውሃ ላይ ቆሞ ያየ ሰው ሁለቱን ቀለም ለይቶ ያያል። በክረምት ደግሞ አባይ ቡናማ ሆኖ፣ አብጦ፣ ግንድ እየገፋ ይመጣና ነጩን አባይ ወደ ኋላ ያቆመዋል። ሱዳኖች ይህን ወቅት ደሚራ ይሉታል። የዓሣ ቤቱ ባለቤት ውሃው ሲደፈርስ እኛን እያየች «አፈራችሁ መጣ» ትለን ነበር። እውነቷን ነው። የጎጃምና የጎንደር አፈር ነው። እኛ ለኬላው ቀረጥ ከፍለን ስንገባ አፈራችን ያለ ቀረጥ ይገባ ነበር።

ስሟን አንጽፍም፤ እኛም በስሟ ጠርተናት አናውቅም። «ሐጃ» እንላታለን፣ እሷ «ያ በናት»፣ ልጆች፣ ትለናለች። ቤቱ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወንበሩ ፕላስቲክ፣ በር ላይ ትልቅ የብረት ምጣድ ዘይቱ ሲንጨረጨር የሚውል። ቡልጢ ሙሉውን ተጠብሶ፣ ዒጅል ደግሞ ተቆራርጦ፣ ከሎሚ፣ ከሽንኩርት፣ ከጅርጅርና ከሸጣ ጋር ይመጣል። የሐጃ ሸጣ ከኛ በርበሬ ጋር ተደባልቆ የሚሠራ መሆኑን ያወቅነው ዘግይተን ነው። የምታቀርብላት ከመካከላችን አንዷ ናት፤ ለእኛ ሳትነግረን ሁለት ዓመት ሠርታበታለች።

ወደዚያ የወሰደን ሽርሽር አይደለም። ከገላባት ገዳሪፍ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ከገዳሪፍ ካርቱም ደግሞ 400 ገደማ። ቡናውን፣ ጤፉን፣ በርበሬውንና ነጠላውን ሐበሻ በሚበዛበት በደይም ሰፈር ላሉ ምግብ ቤቶችና ሱቆች እናስረክባለን። ከዚያ ወደ ኦምዱርማን ገበያ ሄደን ቶብ፣ ሽቶና የቤት ዕቃ እንገዛለን። በመሃል ያለው ሥራ መጠበቅ ነው፤ «ሐሙስ እሰጣችኋለሁ» ያለ ነጋዴ ቅዳሜም ላይሰጥ ይችላል። ሴት ብቻዋን ገንዘብ ስትጠብቅ የት ትቀመጣለች? ሻይ ከምታፈላ ሴት በርጩማ ላይ አንድ ሰዓት፣ ከዚያ በላይ ዓይን ይበዛል። የሐጃ ቤት አራት ሆነን ማታውን ሁሉ ብንቀመጥ ማንም የማይጠይቀን ቦታ ነበር። በዱቤም ትመግበናለች።

የዱቤው ደብተር ተራ የተማሪ ደብተር ነው። ሐጃ በአረብኛ ስለምትጽፍ ከአንዱ ሽፋን ትጀምራለች። እኛ በአማርኛ ከሌላው ሽፋን እንጀምራለን። ከመካከላችን ኮሜርስ የተማረችው ዴቢትና ክሬዲቱን ትይዛለች። ሁለቱ ሒሳብ ወደ መሃል እየቀረበ ይመጣና ሲገናኝ አዲስ ደብተር ይገዛል። በዚያ ሁሉ ዓመት የሁለቱ ድምር ያልገጠመው ሦስት ጊዜ ነው፤ ሁለቱ ጊዜ ስሕተቱ የእኛ ነበር።

ዓርብ ዓርብ ጀልባ ነበር። ቤተሰብ ተሰብስቦ፣ ድምፅ ማጉያ ተከፍቶ፣ ከኦምዱርማን ተነስቶ የቱቲን ደሴት ዞሮ ይመለሳል። ቱቲ በሁለቱ ወንዞች መገናኛ ላይ ያለች፣ የካርቱምን አትክልት ስታበቅል የኖረች ደሴት ናት፤ ድልድዩ እስኪሠራ ድረስ ሰዉ የሚሻገረው በጀልባ ብቻ ነበር። ጀልባ ነጂውን «ያ ረይስ» ነው የምንለው። የኛ ረይስ ሽማግሌ ነበር፣ ከእኛ ገንዘብ ከሚቀበል ቡና ብንሰጠው ይመርጣል።

በካርቱም ዳርቻ በኩል ስናልፍ ረይሱ ሁልጊዜ አንድ አሮጌ የብረት መርከብ ያሳየን ነበር። ስሟ መሊክ ይባላል። በ1896 እንግሊዝ አገር የተሠራች፣ በ1898 ኪችነር ኦምዱርማን ላይ ሲዋጋ መድፍ ይዛ የተሰለፈች የጦር ጀልባ ናት። የሰፈሩን ሰው የወጋችው መርከብ ቆይታ የሸራ ጀልባ ክበብ ቢሮ ሆነች፤ አባላቱ እዚያ ሻይ ይጠጡ ነበር። ረይሱ ይህን ሲያወራ አይስቅም፣ አያዝንምም። «ብረቷ ጥሩ ነው» ይላል።

እኛን የበለጠ የነካን ግን ሌላው የመርከብ ታሪክ ነው። ካርቱም በኢትዮጵያ ቡና የታወቀችው በመተማ መንገድ ብቻ መስሎን ነበር። ለካስ በ1902 አጼ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል በባሮ ወንዝ ዳር፣ ጋምቤላ፣ ለእንግሊዝ የንግድ ቦታ ተሰጥቶ ነበር። የኢሉባቦርና የወለጋ ቡና በበቅሎና በሰው ትከሻ ከተራራው ወርዶ ጋምቤላ ይከማቻል። ክረምት ገብቶ ባሮ ሲሞላ የእንፋሎት መርከቦች ከካርቱም ይመጣሉ፤ ጨውና ጨርቅ አራግፈው ቡና፣ ቆዳና ሰም ጭነው ይመለሳሉ። መርከቧ የምትደርሰው ከሰኔ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ነው፤ ውሃው ከጎደለ ቡናው እስከ ሚቀጥለው ክረምት ይቀመጣል። ነጋዴ የሆነ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ሰባትና ስምንት ወር ዋና ገንዘብ ጆንያ ውስጥ ታስሮ! ሱዳን በ1956 ነጻ ስትወጣ ቦታው በዚያው ዓመት ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ፣ የመርከቡም ንግድ እየሟሸሸ ሄደ። ባሮ ሶባት ሆኖ ወደ ነጭ አባይ ይገባል። ስለዚህ በዚያ ዘመን አፈራችን በጥቁሩ፣ ቡናችን በነጩ እየመጣ ሞረዳ አጠገብ ይገናኝ ነበር ማለት ነው። ሐጃ ይህን ስንነግራት «አያቴ የሐበሻ ቡና ከመርከብ ይወርዳል ይል ነበር፣ የሚዋሽ ይመስለኝ ነበር» አለችን።

ሐሙስ ማታ ዘፈን አለ። አንድ ዑድ የሚመታ ጎልማሳ፣ አንድ ከበሮ፣ አንዳንዴም ኪቦርድ የያዘ የእኛ ልጅ ከደይም ይመጣል። መድረክ የለም፤ ምጣዱ ተነሥቶ በቦታው ወንበር ይቀመጣል። እኛ አረብኛው በደንብ ሳይገባን ዜማውን ቀድመን የምናውቀው ለምን እንደሆነ ያስረዳን ያ ዑድ መቺ ነው። የሱዳን ዘፈን እንደ እኛ አገር ቅኝት በአምስት ድምፅ ላይ የቆመ ነው፤ የግብጹ እንደዚያ አይደለም። አንድ ቀን ከመካከላችን አንዷ የጎንደር የሰርግ ዘፈን ስታንጎራጉር ሰምቶ ዝም ብሎ ገባላት፣ ድምፅ አልጎደለም፣ አልተረፈም። ሐጃም ከጓዳ ወጥታ በጎድጓዳ ሳህን ደሉካ መምታት ጀመረች። ደሉካ የሱዳን ሴቶች በሰርግ የሚመቱት ከበሮ ነው። የእኛ እናቶች ከበሮ ይዘው የሚያደርጉትን ሁሉ ያደርጉበታል፤ ሙሽራዋን ያሞግሳሉ፣ አማቲቱን ይወጋሉ።

የኦምዱርማን ሬዲዮ በ1940 ተከፈተ፤ ዘፋኞቹን ከሰርግ ቤት አውጥቶ ለአገር ያሰማው እሱ ነው። በሬዲዮው የመጀመሪያዋ ሴት ዘፋኝ ዓይሻ አል ፈላቲያ ናት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለሱዳን ወታደሮች ዘፍናለች፤ ከነዚያ ወታደሮች ብዙዎቹ በ1941 ጣልያንን ከአገራችን ለማስወጣት የተዋጉ ናቸው። ሰይድ ከሊፋን ማን ይረሳል? «ኢዘያኩም» ሲል አዲስ አበባም ጎንደርም ከወንበሩ የማይነሣ አልነበረም። ሞሐመድ ወርዲ ደግሞ የኑብያ ልጅ ነው፤ ክራራችንን የሚመስለውን ጠምቡር እየመታ ያደገ። ከ1989 መፈንቅለ መንግሥት በኋላ አገሩን ትቶ ወጣ፤ በ1994 አዲስ አበባ ላይ ዘፈነ፣ የዚያ ምሽት ቅጂም በካሴት ወጣ። ሰውዬው በገዛ አገሩ መዝፈን ባልቻለበት ጊዜ ድምፁ ከእኛ ዋና ከተማ ተቀድቶ ወደ አገሩ ተመለሰ። በ2012 ካርቱም ውስጥ ሞተ።

ይህን ሁሉ ስንል ዘመኑ ደግ ነበር እያልን አይደለም። በ1983 መስከረም ሸሪዓ ሲታወጅ መጠጡ አባይ ውስጥ ተደፋ፣ የወንዝ ዳር ማታዎችም ከዚያ በኋላ ሌላ ሆኑ። ከ1989 በኋላ ዘፈን ፈቃድ የሚያስፈልገው፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት የሚቋረጥ ነገር ሆነ። በ1994 ኅዳር ላይ ኦምዱርማን በሚገኘው የሙዚቀኞች ክበብ አንድ ሰው ቢላዋ ይዞ ገብቶ ዘፋኙን ኾጀሊ ዑስማንን ገደለው፤ ዓብደል ቃድር ሳሊምንም አቆሰለ። እኛ ወደ ካርቱም መመላለስ ስንጀምር ከዚያ አሥር ዓመት ያህል አልፎ ነበር፣ ነገር ግን የሐጃ ዑድ መቺ ጀርባውን ለበር ሰጥቶ ተቀምጦ አያውቅም።

አንድ ሐሙስ ሰዓቱ አልፎብን መለዮ የለበሱ ሰዎች ገቡ። ወንዶቹን ገላመጡ፣ የእኛን ነጠላ አዩና «ሐበሽ» ብለው ተዉን፣ ዑዱን ግን ይዘው ሄዱ። በማግስቱ ሐጃ ከፍላ አስለቀቀችው። ግማሹን እኛ ተካፈልን፤ በደብተሩ ላይ «ለዑድ ማስፈቻ» ተብሎ ተጽፏል። በምን መደብ ይያዝ ብለን ተከራክረን በመጨረሻ ከትራንስፖርት ወጪ ጋር ደመርነው።

በ2019 የሕዝቡ ነገር ተነሣ። ከጦሩ ዋና መምሪያ ፊት ለፊት ሰዉ ሲቀመጥ የሞረዳ ዑድ መቺዎች ሁሉ እዚያ ሄደው ዘፈኑ፤ የኛውም ሄደ። ሰኔ 3 ቀን ሰልፉ በጥይት ተበተነ፣ አስከሬን ከአባይ ወጣ። ረይሱ በዚያ ሳምንት ጀልባውን አልነካም። ሐጃም ምጣዷን አልጣደችም፤ «ከዚህ ውሃ ዛሬ ምን አወጣለሁ» አለች። በዚያው ዓመት ኅዳር የሥነ ሥርዓቱ ሕግ ተሻረ። ከዚያ በኋላ ባሉት ሐሙሶች ከ5 ሰዓት በላይ መቀመጥ ጀመርን። ሰዓት አይቶ የሚነሣ ሰው ባይኖርም ዑድ መቺው ግን ከልማዱ 5 ሰዓት ላይ ቆም ይልና በር በሩን ያያል፣ ከዚያ ይቀጥላል።

በ2015 ዓ.ም. የእኛ ዐቢይ ጾምና የእነሱ ረመዳን ተገናኙ። የቅበላውን ዓሣ የካቲት 11 ቀን በልተን ተሰነባበትን። ከዚያ በኋላ ማታ ማታ ካፈጠሩ በኋላ እየሄድን ፉል እንበላ ነበር፤ ሐጃ አይብ እንዳይነካው ለእኛ የተለየ ሳህን ታወጣለች። ሚያዝያ 3 ቀን ደብተሩን ለፋሲካ ሒሳብ ልንዘጋ ብለን ይዘነው ወደ ደይም ሄድን። ሁለት ጆንያ ቡናችን እሷ ጓዳ ቀረ።

ቅዳሜ ሚያዝያ 7 ቅዳም ሹር ነው። ሁለታችን ደይም ነበርን፤ ዶሮው በር ላይ ታስሯል፣ ሽንኩርቱ ተልጧል። ተኩሱ በጠዋት ተጀመረ። የዚያን ዓመት ፋሲካ እንዴት እንደዋለ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፣ አንደግመውም። በዘጠነኛው ቀን በገዳሪፍ አድርገን መተማ ገባን። ከእቃችን የተረፈው በእጅ የያዝነው ቦርሳ ነው።

ሐጃ የደወለችው ከሁለት ወር በኋላ ከአትባራ ነው። ከተማዋ የእኛ ተከዜ አባይን የሚቀላቀልበት ዳር ላይ ያለች ናት፤ ዓሣ ግን እንደ ሞረዳ አይደለም አለች። ረይሱ ደኅና ነው። ስለ ዑድ መቺው ጠየቅናት፣ «አላውቅም» ብላ ወሬ ቀየረች። ከዚያ ወደ ሒሳብ ገባች። ከኦምዱርማን ከመውጣቷ በፊት አውቶቡስ የሚጠብቀው ሰው ብዙ ነበር፤ ሁለቱን ጆንያ ፈትታ፣ ቆልታ፣ እስኪያልቅ አጠጣችው። «የሁለት ጆንያ ዕዳ አለብኝ፣ በዛሬው ዋጋ ጻፉት» አለች። እኛ ደግሞ የፉሉና የዓሣው አለብን፣ ይቀናነስ አልን። አልተስማማችም። ቡናውን የሰጠችው በራሷ እጅ ነው፣ የእኛን ምግብ ደግሞ የበላነው በጾም ነው፤ የጾም ምግብ ከዕዳ አይቀናነስም የሚል ከየት እንዳመጣችው የማናውቀው ሕግ ጠቀሰች። እስከ ዛሬ በደወለች ቁጥር እንከራከራለን።

ደብተሩ ጎንደር ነው ያለው። በአረብኛው በኩል አሥራ ሰባት፣ በአማርኛው በኩል ሃያ ሁለት ገጽ ተጽፏል። መሃሉ ባዶ ነው። በእኛ በኩል የመጨረሻው መስመር እንዲህ ይላል፤ ሚያዝያ 3፣ ፉል ያለ አይብ ለአራት ሰው፣ ሻይ አምስት፣ አልተከፈለም።