ሕጉ ጎኑን ወሰነ፣ ከፍታውን ለነጂው ተወ

ዛሬ ከስንዝር ስለማትበልጥ አንዲት ብረት እናውራ። የሞተር ሳይክል የማርሽ ፔዳል ናት። በግራ በኩል፣ ከእግር መርገጫው ፊት ለፊት ትገኛለች። «የአገር ጉዳይ ሞልቶ ተርፎ ይህ ምን አመጣው?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ያመጣው ይህ ነው፦ ይህች ብረት የት ትቀመጥ የሚለው ጥያቄ ለአሥርተ ዓመታት መልስ አጥቶ ቆይቷል። በመጨረሻ የዘጋው የመንግሥት ሕግ ነው። ያ ሕግ የሠመረው ደግሞ ባዘዘው ብቻ አይደለም፤ ሳያዝ በተወው ነገርም ጭምር ነው። ደንብና መመሪያ በየሳምንቱ በሚወጣበት ዘመን ይህን ታሪክ ማወቅ አይጎዳም። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በሞተር ሳይክል የመጀመሪያዎቹ አሥርት ዓመታት ማርሽ በአብዛኛው የሚቀየረው በእጅ ነበር። ዘንጉ ከነዳጅ ታንኩ ጎን ይቆማል። በአሜሪካዎቹ ሃርሊ ዴቪድሰንና ኢንዲያን ላይ ደግሞ ፍሪሲዮኑን የሚረግጠው እግር ነበር። በተስተካከለ መንገድ ቀስ ብሎ ለሚሄድ ሰው ይህ ብዙ አይከብድም። ጭቃና ጉድጓድ ላይ ግን ማርሽ ለመቀየር አንድ እጅን ማንሳት ማለት መሪው በጣም በሚፈለግበት ቅጽበት በግማሽ መልቀቅ ነው። የዚያን ጊዜ መንገድ ደግሞ አብዛኛው ጭቃና ጉድጓድ ነበር።

መፍትሔው የመጣው ከውድድር ነው። በእንግሊዝ በርሚንግሃም ከተማ ቬሎሴት የተባለውን ሞተር የሚሠራ የቤተሰብ ኩባንያ ነበር። እዚያ የሚሠራው ሃሮልድ ዊሊስ መሐንዲስም ተወዳዳሪም ነበር፤ የሚነድፈውን ራሱ ይነዳዋል። ከእሱ በፊት በእግር የሚቀየር ማርሽ ጨርሶ አልነበረም ማለት አይደለም። ችግሩ ነጂው ምን ያህል መግፋት እንዳለበት በግምት መሥራቱ ነበር፤ ትንሽ ካበዛ አንድ ማርሽ ዘሎ ያልፋል። ዊሊስ በ1920ዎቹ መጨረሻ ያመጣው ዘዴ ይህን ግምት አስቀረ። ፔዳሏ በአንድ ምት አንድ ማርሽ ብቻ ትቀይርና ወዲያው ወደ ቀድሞ ቦታዋ ትመለሳለች። ነጂው ማየት አያስፈልገውም፤ እግሩ ሁልጊዜ እዚያው ያገኛታል።

ይህን ነጥብ ያዙልኝ። ፔዳሏ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ የምታርፍ ከሆነ፣ ያ ማረፊያ ለነጂው እግር ሊለካ ይችላል ማለት ነው። ዛሬ በየጋራዡ የማርሽ ፔዳል ከፍ ዝቅ የሚደረገው ከዚያ ፈጠራ የተነሳ ነው።

ዘዴው ተስፋፋ። የትኛው እግር ይሥራበት የሚለውን ግን ማንም አልወሰነም። እንግሊዞቹ ትራያምፍ፣ ኖርተንና ቢኤስኤ ማርሹን በቀኝ፣ የኋላ ፍሬኑን በግራ አደረጉ። ጣሊያኖቹም በአብዛኛው ቀኝን መረጡ። ለጭቃና ለድንጋይ መንገድ በሚሠሩ ሞተሮች ስማቸው የገነነው የስፔን ፋብሪካዎች ቡልታኮ፣ ሞንቴሳና ኦሳም ቀኞች ነበሩ። ሳሚ ሚለር እ.ኤ.አ. በ1965 የስኮትላንድን የስድስት ቀን ፈተና ያሸነፈበት ቡልታኮ ማርሹ በቀኝ እግር የሚቀየር ነበር። የጀርመኑ ቢኤምደብሊው ግን ግራ ነው። የቼኮቹ ጃዋና ሲዜድም ግራ ናቸው፤ እነሱማ ያችኑ ፔዳል አዙረው ሞተር ማስነሻም አድርገዋታል።

በአንድ አገር ውስጥ እንኳ ስምምነት አልነበረም። በቀድሞው ትራያምፍ ላይ አንደኛ ማርሽ ወደ ታች ተረግጦ ይገባል፤ ሌሎቹ ወደ ላይ ይነሳሉ። በኖርተን ኮማንዶ ላይ ተቃራኒው ነው፤ አንደኛው ወደ ላይ፣ የቀሩት ወደ ታች። ሁለቱም እንግሊዛውያን፣ ሁለቱም በቀኝ እግር የሚሠሩ፣ ሁለቱም በአንድ ገበያ የሚሸጡ ነበሩ።

ይህ የጣዕም ጉዳይ ቢሆን ኖሮ ማንንም ባላስጨነቀ። አደጋ ሲመጣ ግን ሰው አያስብም፤ እግሩ የለመደውን ይሠራል። የጃፓን ሞተር የለመደ ሰው የኖርተን ባለቤት ከሆነ ጓደኛው ተውሶ ወጣ እንበል። ድንገት ሕፃን መንገድ ላይ ገባ። ሰውዬው የኋላ ፍሬን የያዘ መስሎት በቀኝ እግሩ አጥብቆ ይረግጣል። የረገጠው ግን ማርሽ ነው፤ ያውም የሚጨምር ማርሽ። በተቃራኒው የኖርተኑ ባለቤት የጃፓኑን ሞተር ይዞ ቢሆን በግራ እግሩ የሚረግጠው ማርሽ የሚቀንሰውን ፔዳል ነው፤ የኋላ ጎማው በድንገት ሊያዝበት ይችላል። ሁለቱም ጎበዝ ነጂዎች ናቸው። ሁለቱንም የሚጥላቸው ልምዳቸው ራሱ ነው።

በዚህ መሐል ጃፓኖች መጡ። ሆንዳ በ1958 ሱፐር ከብን አወጣ። ምግብ የሚያደርስ ልጅ በአንድ እጁ ጭነቱን ይዞ በሌላው እንዲነዳው የታሰበ ነው ይባላል፤ በእጅ የሚያዝ ፍሪሲዮን የለውም፣ ማርሹ በግራ እግር ይረገጣል። በ2017 ምርቱ 100 ሚሊዮን ደረሰ። ያማሃ ደግሞ በ1968 ዲቲ-1 የተባለውን 250 ሲሲ ሞተር አቀረበ። በአስፋልትም በኮረኮንችም የሚሄድ፣ ተራ ሰው የሚገዛው ሞተር ነበር። እሱም ግራ ነው። ብዙ አሜሪካውያን ወጣቶች ከአስፋልት ውጪ መንዳትን የተማሩት በእንዲህ ዓይነቶቹ ላይ ነው። ስለዚህ ሕግ ከመውጣቱ በፊት የብዙ ሺህ ሰው እግር ወደ ግራ አዘንብሎ ነበር።

የአሜሪካ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት ያደረገው ይህን ማየት ነው። ቁጥር 123 የተባለው የፌዴራል ደረጃ ከመስከረም 1 ቀን 1974 ጀምሮ ለመንገድ የሚሠራ ሞተር ሳይክል ሁሉ ማርሹ በግራ እግር፣ የኋላ ፍሬኑ በቀኝ እግር እንዲሆን አዘዘ። ፔዳሏን ወደ ላይ ማንሳት ማርሽ እንዲጨምር፣ ወደ ታች መርገጥ እንዲቀንስ ደነገገ። ሦስትና ከዚያ በላይ ማርሽ ባለው ሞተር ላይ ከመጨረሻው በቀጥታ ወደ አንደኛ መዝለል እንዳይቻልም ከለከለ። በቃ፤ ስለ ፔዳሏ የተናገረው ዋናው ነገር ይኸው ነው።

ለእኛ ይህ እንግዳ ታሪክ አይደለም። ኢትዮጵያ ራሷ እ.ኤ.አ. በ1964 ከግራ መንገድ ወደ ቀኝ መንገድ ተሻግራለች። ስዊድንም በ1967 ተከተለች። ቀኝ ከግራ የሚሻል ሆኖ አይደለም፤ ሁሉም አንድ ዓይነት መሆኑ ግን ይሻላል። እንዲህ ያለውን ነገር ገበያ ብቻውን ቶሎ አይፈታውም፤ እያንዳንዱ ፋብሪካ «ሌላው ይቀይር» እያለ ይቀመጣል።

ሕጉ ያስከፈለው ዋጋ ቀላል አልነበረም። ማርሽ ሳጥናቸው ለቀኝ የተነደፈ ፋብሪካዎች ዘንጉን ወደ ግራ ማሻገር ግድ ሆነባቸው። ሃርሊ ስፖርትስተር ከ1957 ጀምሮ ቀኝ ነበር፤ በ1975 በተጣመሩ ዘንጎች እያሻገረ ወደ ግራ አመጣው፣ በ1977 ነው በወጉ የተስተካከለው። ኖርተን ኮማንዶና ትራያምፍ ቦነቪልም በ1975 ወደ ግራ ዞሩ። የእንግሊዝን የሞተር ኢንዱስትሪ የገደለው ይህ ሕግ ነው የሚሉ ቁጡ ሽማግሌዎች ዛሬም አሉ። ትክክል አይደሉም። ቢኤስኤ ሕጉ ከመድረሱ በፊት ተንኮታኩቷል። የትራያምፍ ሠራተኞች ፋብሪካችን አይዘጋም ብለው ሜሪደን የሚገኘውን ግቢ የያዙት በ1973 ነው። የሆንዳ 750 በ1969 ገበያ ሲገባ ሕመሙ ቀድሞም ነበር። ሕጉ ታማሚን ተጨማሪ ሸክም አሸከመ እንጂ በሽታውን አላመጣም።

ልብ በሉ፤ ደረጃው የወጣው ለመንገድ ሞተሮች ነው። ለውድድር ብቻ የሚሠራውን የጭቃ ሞተር አያስገድድም። እነሱም ግን ወደ ግራ ዞሩ፤ የስፔኖቹም ጭምር። ምክንያቱ ፖሊስ አይደለም። ልጁ ሰኞ በአስፋልት የሚነዳውና እሑድ በጭቃ የሚወዳደርበት ሞተር እግሩን ግራ እንዲያጋባው አይፈልግም። አንድ ሕግ ማንም ሳያስገድድ ከክልሉ አልፎ ሲከበር ትክክለኛውን ነገር ይዟል ማለት ነው።

አሁን ወደ ተወው ነገር እንምጣ። ሕጉ የፔዳሏን ጎን ወሰነ፤ ከፍታዋን አልወሰነም። የጭቃ ሞተር አጠገብ ተቀምጣችሁ ብትመለከቱ ፔዳሏ የምትያያዝበት ዘንግ ጫፉ ዙሪያውን ደቃቅ ጥርስ አለው። ፔዳሏም ውስጧ እንዲሁ ጥርስ አለው። አንድ ብሎን ያጠብቃታል። ብሎኑን ሙሉ በሙሉ አውጥቶ (ብዙ ጊዜ ዘንጉ ላይ ባለ ቦይ ውስጥ ስለሚያልፍ ማላላት ብቻ አይበቃም)፣ የነበረችበትን ቦታ ምልክት አድርጎ፣ ፔዳሏን ቀጥ አድርጎ መሳብ ነው። ከዚያ አንድ ጥርስ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ማዞርና መልሶ ማስገባት። ብሎኑ በመመሪያው ልክ ይጠብቃል፤ ትንሽ ብሎን ስለሆነ ጉልበት ማሳየት አያስፈልገውም። ሳይጠብቅ ከቀረ ግን ጥርሱን ይበላዋል። የተበላው የፔዳሏ ጥርስ ከሆነ ፔዳል መግዛት ይበቃል፤ የዘንጉ ከሆነ ብዙ ጊዜ ሞተር ማስከፈት ነው።

ስንት ጥርስ? ይህን የሚያውቀው እግሩ ብቻ ነው። መነሻው የፔዳሏ ጫፍ ከእግር መርገጫው ጋር እኩል ወይም ትንሽ ከፍ ማለቷ ነው። ወፍራም የውድድር ቡት የሚያደርግ ሰው ጣቱን ከሥሯ ማስገባት ስላለበት ከፍ ያደርጋታል። ቆሞ የሚነዳም እንዲሁ፤ ሲቆም የእግሩ ማዘንበል ይለወጣል። በጣም ከፍ ካለች ማርሽ ለመቀነስ እግር ከመርገጫው ላይ መነሳት አለበት፤ ያ ደግሞ በቁልቁለት ላይ ሚዛን ያሳጣል። በጣም ዝቅ ካለች ሳያስቡት ትረገጣለች፣ ድንጋይም ያገኛታል። አንድ ጥርስ ትንሽ ነገር ይመስላል። ቁልቁለት ላይ ማርሽ ፈልጎ ላጣው ሰው ግን ትንሽ አይደለም።

እኛ ዘንድ ያለው ጉዳይ እዚህ ላይ ነው። በገጠር የግብርና ወይም የጤና ባለሙያ ሞተር ከመሥሪያ ቤቱ ይረከባል። ያ ሞተር ከእሱ በፊት በሌላ ሰው እጅ ነበር፤ ነገም ወደ ሌላው ይሄዳል። አንዱ ረጅም ነው፣ አንዷ አጭር። በበጋ ሸራ ጫማ የሚያደርግ ሰው በክረምት የፕላስቲክ ቦቲ ያደርጋል። ፔዳሏ ግን ከፋብሪካ እንደወጣች ናት። ርክክብ ላይ የሻንሲ ቁጥር፣ የሞተር ቁጥር፣ የመለዋወጫ ጎማ ሳይቀር ይመዘገባል፤ «ፔዳሉ ለእግርህ ይስማማል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ግን እምብዛም ነው። ሥራው አንድ ቁልፍና የአሥር ደቂቃ ጊዜ ነው። ሰው ግን የመንግሥት ንብረት መንካት ይመስለውና ይተወዋል፤ ለዓመታት እግሩን እያጣመመ ይነዳል።

ሕግ የሚወጣበት ምክንያት ሰው ከሰው የሚገናኝበትን ቦታ አንድ ለማድረግ ነው። ሞተር የሚዋዋሱ፣ መንገድ የሚጋሩ ሰዎች የፍሬኑን ጎን አንድ ማድረግ ግዴታቸው ነው፤ አለዚያ ሰው ይሞታል። የእግር ርዝመት፣ የጫማ ውፍረት፣ የአነዳድ ልማድ ግን የግል ነው። አውስትራሊያዊው ሚክ ዱሃን በ1992 አሰን ላይ ወድቆ ቀኝ እግሩ ክፉኛ ከተጎዳ በኋላ የኋላ ፍሬኑን በግራ አውራ ጣቱ የሚሠራ አድርጎለት ቡድኑ፣ ከ1994 እስከ 1998 አምስት ጊዜ ተከታትሎ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ለሰውነቱ የሚስማማውን ማስተካከል ችሎታውን አልቀነሰበትም፤ አወጣው እንጂ።

የእኛ መመሪያዎች ችግር ብዙ ጊዜ የጥብቅነት ማነስ ወይም መብዛት አይደለም። አንድ መሆን ያለበትን ልቅ አድርገው ይተዋሉ፣ ልቅ መሆን ያለበትን ደግሞ ያጠብቃሉ። የሰነድ ቅጽ ከወረዳ ወረዳ ይለያያል፤ ባለሙያው እንዴት እንደሚሠራ ግን እስከ ጥርሱ ድረስ ይታዘዛል። የ1974ቱ ሕግ የተገላቢጦሹን አድርጎ ነው ግማሽ ክፍለ ዘመን የኖረው።

ሞተር ያላችሁ ዛሬ ማታ ቁልፍ ያዙና ፔዳላችሁን ተመልከቱ። መመሪያ የምታረቅቁ ደግሞ ከመፈረማችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ይህ የጎን ጉዳይ ነው ወይስ የከፍታ?