«ጥርስ የምትነቅለዋ ሴት»፦ በር የተዘጋባት የጥርስ ሐኪም ታሪክ



ልጃችሁን ይዛችሁ ጥርስ ክሊኒክ ስትገቡ ወጣት ሐኪም ብትቀበላችሁ «ትልቁ ዶክተር የለም እንዴ?» ብላችሁ ታውቃላችሁ? ዛሬ በሙያዋ ሳይሆን በሴትነቷ የተመዘነችን አንዲት የጥርስ ሐኪም ታሪክ ላጫውታችሁ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሉሲ ሆብስ በ1833 በአሜሪካ ኒው ዮርክ ግዛት ተወለደች። ለ10 ዓመት ያህል ሚሺጋን ውስጥ በመምህርነት ከሠራች በኋላ ሐኪም ለመሆን ቆርጣ በ1859 ወደ ሲንሲናቲ ከተማ ሄደች። ሲንሲናቲ ያኔ ከ160,000 በላይ ሕዝብ የተፋፈገባት ከተማ ነበረች። ያመለከተችበት የሕክምና ኮሌጅ ሴት በመሆኗ አልቀበልም አላት። ከኮሌጁ መምህራን አንዱ ግን በግል አስተማራት፤ የጥርስ ሕክምናን እንድትሞክርም መከራት።

በከተማዋ በ1845 የተመሠረተ፣ በዓለም ሁለተኛው የጥርስ ሕክምና ኮሌጅ ነበር። እሱም በሩን ዘጋባት። ደግነቱ በዚያ ዘመን አብዛኛው የጥርስ ሐኪም ሙያውን የሚማረው ኮሌጅ ገብቶ ሳይሆን ከባለሙያ ሥር ሆኖ ነበር። ይህም ቢሆን ለሉሲ ቀላል አልሆነላትም፤ ብዙ ክሊኒኮች መለሷት። በመጨረሻ ዶ/ር ጆናታን ታፍት ለጥቂት ወራት አስተማሯት፤ ከዚያም ዶ/ር ሳሙኤል ዋርድል ክሊኒካቸው ውስጥ ተቀብለው አለማመዷት። በዚህ ሁሉ ጊዜ ራሷን የምታስተዳድረው ልብስ እየሰፋች ነበር።

በ1861 የራሷን ክሊኒክ ከፈተች። ወዲያው የእርስ በርስ ጦርነቱ ፈነዳና ከተማዋን ለቃ ወደ አይዋ ግዛት ሄደች። እዚያ ሰዎች ወንበሯ ላይ ተቀምጠው ሥራዋን አዩ። «ጥርስ የምትነቅለዋ ሴት» እያሉም ይጠሯት ጀመር። በ1865 የአይዋ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር አባል አድርጎ ተቀበላት። በዚያው ዓመት መጨረሻ ያ በር የዘጋባት ኮሌጅ አስገባት፤ የሥራ ልምዷ ስለተቆጠረላት በጥቂት ወራት ውስጥ፣ በየካቲት 1866፣ ተመረቀች። በዓለም በጥርስ ሕክምና ዲግሪ ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች።

ይህ ታሪክ ለእኛ ምን ይላል?

ማንኛውም የተዋጣለት ሐኪም የመጀመሪያ ታካሚ ነበረው። አዲስ ተመራቂ ሥራ የሚያገኘው አንድ ባለሙያ ሲቀበለው፣ ታካሚም ሲያምነው ነው። እኛ ሴት ሐኪሞች ዛሬም ነጭ ጋውን ለብሰን «ሲስተር» መባል የተለመደ ነው። ነርሶቻችን ክቡር ባለሙያዎች ናቸው፤ ግን ስያሜው የሚመጣው ሙያችንን ከመጠየቅ ሳይሆን ሴትነታችንን ከማየት ነው።

ጥንቃቄያችሁ ግን ተገቢ ነው። ሉሲ ክሊኒክ ስትከፍት በሲንሲናቲ የጥርስ ሐኪም የሙያ ፈቃድ አይጠየቅም ነበር፤ ታካሚው ማን ብቁ እንደሆነ በሙያ ፈቃድ የሚያጣራበት መንገድ አልነበረውም። እናንተ ግን አላችሁ። ስለዚህ በዕድሜና በጾታ ፈንታ እነዚህን ጠይቁ፦

✅ የሙያ ፈቃድ አላት/አለው?
✅ መሣሪያዎቹ በሙቀት ከጀርም ነፅተዋል? ጓንቱና መርፌው አዲስ ነው?
✅ ከመንቀል በፊት ምርመራ ተደርጎ ሌላ አማራጭ ካለ ተነግሯችኋል?
✅ ከበድ ያለ ነገር ሲያጋጥም የሚያማክሩት ወይም ሪፈር የሚጽፉበት ቦታ አለ?

ለእነዚህ በቂ መልስ የምትሰጥ ወጣት ሐኪም ልጃችሁን ብትመረምር አትስጉ። «ትልቅ ዶክተር» ፍለጋ ስትዞሩ ሳምንታት ካለፉ፣ በሙሌት የሚድን የተቦረቦረ ጥርስ እስከ መነቀል ሊደርስ ይችላል። የፊት እብጠት፣ ትኩሳት ወይም ለመዋጥ መቸገር ካለ ደግሞ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ።