የሉል ዕዳ

(በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ወርቅ ከመሬት ይቆፈራል፤ አልማዝ ከዐለት ይፈለቀቃል። ሉል ግን ከሕያው ፍጡር የሚወጣ ጌጥ ነው። ኦይስተር የሚባለው በሁለት ዛጎል መካከል የሚኖር ለስላሳ የባሕር እንስሳ ባዕድ ነገር ገላው ውስጥ ሲገባበት ዝም ብሎ አይቀመጥም። ዛጎሉን በሚሠራበት በዚያው አንጸባራቂ ነገር ደጋግሞ ይሸፍነዋል። ዓመታት ሲያልፉ ያ የሚቆረቁረው ነገር ሉል ይሆናል። እንስሳው ከሌለ ሉል የለም፤ ውሃው ከተበላሸ ደግሞ እንስሳው የለም።

የኢትዮጵያ ሊቃውንትም ለሉል የተለየ ስፍራ ሰጥተውታል። በግዕዝ «ባሕርይ» የሚለው ቃል ሉልንም፣ የአንድን ነገር ተፈጥሮም ይጠራል። ክብረ ነገሥት ከአዳም ጀምሮ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲተላለፍ ስለኖረ ሉል ይተርካል።

ከእውነተኛው ሉል ጋር ግን ሌላም ነገር ሲተላለፍ ኖሯል፤ ዕዳ። ዛሬ የጌጣጌጥ ነጋዴዎች ሉልን «አካባቢን የማይጎዳ ጌጥ» እያሉ ያሞግሱታል። ተራራ አይናድለትም፤ እንደ ወርቅ ሳይናይድ አይፈስለትም። ይህ እውነት አለው። የ500 ዓመቱ ታሪክ የሚያሳየው ግን አንዱ ከዕዳው ሲወጣ ሌላው ሲገባበት ነው። አንድ ጊዜ ከፋዩ ባሕሩ ነው፤ አንድ ጊዜ ጠላቂው።

▪️ ባሕሩም ሰዉም ያለቁበት ደሴት

ኮሎምበስ በ1498 በሦስተኛ ጉዞው ዛሬ ቬኔዝዌላ በምትባለው አገር ዳርቻ ሲደርስ የአገሬው ሰዎች ሉል አጥልቀው አየ። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ስፔናውያን ኩባጓ በተባለች ትንሽ ደሴት ላይ ሰፈሩ። ደሴቲቱ የሚጠጣ ውሃ እንኳ የላትም፤ ውሃው ከዋናው ምድር በጀልባ ይመጣ ነበር። በዙሪያዋ ግን የኦይስተር መንጋ ነበር። ኑዌቫ ካዲዝ የተባለች ከተማ ተቆረቆረች። ከሚወጣው ሉል አንድ አምስተኛው ለስፔን ዘውድ ይገባ ነበር።

ጠላቂዎቹ ባሪያዎች ነበሩ። በዋና የታወቁት የባሃማስ ደሴቶች ተወላጆች፣ ሉካያውያን፣ እየታፈሱ ወደ ኩባጓ ተጋዙ። ባርቶሎሜ ዴ ላስ ካሳስ የተባለው ካህን በ1552 ባሳተመው መጽሐፉ እነዚህ ሰዎች ከጠዋት እስከ ማታ ውሃ ውስጥ እየዋሉ እንዴት እንደሚሞቱ ጽፏል። ኮሎምበስ በረገጣቸው በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ የባሃማስ ደሴቶች ሰው አልባ ሆኑ። ሉካያውያን ሲያልቁ ሌሎች የአገሬው ተወላጆችና አፍሪካውያን ባሪያዎች ተተኩ።

ባሕሩም አልቆየም። በ1520ዎቹ መጨረሻ አንድ ሰው የባሕሩን ወለል እየቧጠጠ ዛጎል የሚሰበስብ መሣሪያ ለመጠቀም ከንጉሡ ፈቃድ ሲያገኝ የኩባጓ ነዋሪዎች ራሳቸው ተቃወሙ፤ ያልደረሱትን ኦይስተሮች ጠራርጎ ይጨርሳል ብለው ነበር። ለሰው ያልራሩ ሰዎች ለኦይስተሩ ተሟገቱ። ይሁንና ያለ መሣሪያውም ቢሆን የጠላቂው ብዛት ብቻውን በቂ ነበር። በ1530ዎቹ መጨረሻ የደሴቲቱ የሉል መስክ ነጠፈ፤ ነጋዴዎቹም ባሪያዎቻቸውን ይዘው ወደ ሌላ ዳርቻ ተሻገሩ። በ1541 መጨረሻ የመጣው ማዕበል ያጠፋው አስቀድሞ የተራቆተ ከተማ ነበር።

▪️ ባሕሩ የተረፈበት፣ ጠላቂው የከፈለበት

የፋርስ ባሕረ ሰላጤ ታሪክ ሌላ መልክ አለው። በአቡዳቢ ማራዋህ ደሴት የተገኘ አንድ ሉል ወደ 8 ሺህ ዓመት ዕድሜ አለው። ያን ያህል ዘመን ሉል የለቀመ ሕዝብ ባሕሩን ያልጨረሰው ለምንድን ነው?

አንዱ ምክንያት የሰው ትንፋሽ ነው። ጠላቂው አፍንጫውን በቀንድ ቆንጥጦ፣ እግሩን ከድንጋይ ጋር አስሮ ይወርዳል፤ ትንፋሹ እስከፈቀደለት ድረስ ለቅሞ ገመዱን ይነቀንቃል፤ ከጀልባው ላይ ያለው ገመድ ሳቢ ያወጣዋል። ዋናው ወቅት ከሰኔ እስከ መስከረም ነው፤ በቀረው ጊዜ ውሃው ስለሚቀዘቅዝ ባሕሩ ያርፋል። ሁለተኛው ምክንያት ሕግ ነው። የሉል መስኮቹ የባሕረ ሰላጤው ሕዝብ የጋራ ሀብት ነበሩ፤ የአካባቢው ገዢዎችም ሆኑ እንግሊዞች የውጭ ኩባንያዎችንና የመጥለቂያ ልብስን ከልክለዋል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ሎሪመር የተባለው የእንግሊዝ ሹም ባጠናቀረው መዝገብ 4500 ያህል ጀልባዎችና ከ70 ሺህ በላይ ሰዎች በዚህ ሥራ ላይ ተቆጥረዋል። ይህ ሁሉ ሰው ጠልቆም መስኩ አልነጠፈም።

ዛሬ ባለው ቋንቋ ይህ «ዘላቂ አጠቃቀም» ይባላል። ግን በማን ትከሻ?

ጠላቂው ወቅቱ ሳይጀመር ለቤተሰቡ ቀለብ ከጀልባው አለቃ ብድር ይወስዳል። ሉሉ ሲሸጥ ድርሻው ከብድሩ ካነሰ ዕዳው ለሚቀጥለው ዓመት ይሻገራል። ሂሳቡን የሚያውቀው አለቃው ብቻ ነው። ጠላቂው ቢሞት ዕዳው ለልጁ ወይም ለወንድሙ ሊተርፍ ይችል ነበር። ባሕሬን ውስጥ እያንዳንዱ ጠላቂ የራሱ የሂሳብ ደብተር እንዲኖረው የታዘዘው በ1920ዎቹ ነው፤ ያውም አለቆቹ እያጉረመረሙ።

ከእነዚህ ጠላቂዎች መካከል ብዙዎቹ ባሪያዎች ነበሩ። አብዛኞቹ ከምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ የመጡ ሲሆኑ ከኢትዮጵያ ተፈንግለው በቀይ ባሕር የተሻገሩም ነበሩባቸው። በደጋ ተወልዶ ባሕር አይቶ የማያውቅ ልጅ አድጎ በባሕረ ሰላጤው ወለል ላይ ዛጎል ሲለቅም ይገኛል። የድካሙን ድርሻ የሚቀበለው ጌታው ነው። ጥቂቶቹ አምልጠው በአካባቢው ወደነበሩት የእንግሊዝ ሹማምንት እየሄዱ የነጻነት ወረቀት ጠይቀዋል፤ ቃላቸውም በመዝገብ ተጽፎ ቀርቷል።

በዚያው ዘመን በሌላው የዓለም ጫፍ የነበረውን ዋጋ እንይ። በ1917 ፒዬር ካርቲዬ 128 ሉሎች ያሉትን ባለ ሁለት ረድፍ ሐብል ሰጥቶ በኒውዮርክ አምስተኛ ጎዳና ላይ የሚገኝ ሕንጻ ተቀበለ። ሐብሉ የተገመተው በ1 ሚሊዮን ዶላር ነበር።

▪️ የኑድል ሻጩ ልጅ

ኮኪቺ ሚኪሞቶ በ1858 ጃፓን ቶባ ውስጥ ከኑድል ሻጭ ቤተሰብ ተወለደ። በአካባቢው ባሕር አኮያ የሚባለው ኦይስተር ያለ ልክ እየተለቀመ መመናመኑን አየ። እንስሳውን ከመጨረስ ማርባት ይሻላል ብሎ ተነሣ። ያረባቸውን ኦይስተሮች በጥቃቅን የባሕር ሕዋሳት መራባት ቀልቶ የመጣ ውሃ ገደለበት፤ ሆኖም በ1893 ባዕድ ነገር ካስገባባቸው ኦይስተሮች በአንዱ ውስጥ ግማሽ ክብ ሉል ተገኘ። ሙሉ ክብ የሆነው ሉል ሌሎች ጃፓናውያን ባለሙያዎች ተጨምረውበት የኋላ ኋላ መጣ።

በ1921 የእርባታው ሉል ለንደን ገበያ ሲገባ ነጋዴው ተደናገጠ፤ ነገሩ ፓሪስ ውስጥ እስከ ፍርድ ቤት ደረሰ። ሆኖም ሉሉ ከእውነተኛ ኦይስተር የወጣ ነውና ሐሰተኛ ነው ማለት አልተቻለም። ከ1929 በኋላ የዓለም ኢኮኖሚ ሲወድቅ የባሕረ ሰላጤው ንግድ አብሮ ወደቀ። የካርቲዬ ሐብል በ1957 በጨረታ ሲሸጥ ያወጣው 151 ሺህ ዶላር ብቻ ነበር።

የውድቀቱ ፍሬ ድብልቅ ነው። በባሕረ ሰላጤው ወደቦች ረኃብ ገባ። በሌላ በኩል ባሪያን ለሉል ማሰማራት ትርፉ ቀረ። ባሕሬን በ1937፣ ቀጠር በ1952 ባርነትን ከለከሉ። የሕግና የዲፕሎማሲ ግፊት እንዳለ ሆኖ፣ የገበያው መውደቅም የራሱን ሥራ ሠርቷል። ከዱር የሚለቀመው ኦይስተርም እፎይ አለ። እዚህ ላይ ታሪኩ ቢያልቅ ኖሮ መልካም ነበር።

▪️ ዕዳው ወደ ባሕሩ ተመለሰ

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የጃፓን አርቢዎች እጅግ በዙ። የሚኪሞቶ እርባታ በተስፋፋበት አጎ በተባለው ባሕረ ሰላጤ ውስጥ መደቦቹ ተጠጋግተው ተሞሉ። ኦይስተር ውሃ እያጣራ የሚበላ እንስሳ ነው፤ በልኩ ሲሆን ውሃውን ያጠራል። ሲበዛ ግን እዳሪው በወለሉ ላይ ይከመራል፤ አየሩ ያንሳል። ከከተማና ከእርሻ የሚመጣው ፍሳሽ ሲጨመር ከድጡ ወደ ማጡ ሆነ። በ1992 ቀዩ ውሃ አጎን መታው። በ1990ዎቹ አጋማሽ ደግሞ በምዕራብ ጃፓን በሽታ ገብቶ ኦይስተሩ በጅምላ አለቀ።

ቻይና የወንዝና የሐይቅ ዛጎል በማርባት በዓመት ከ1000 ቶን በላይ ሉል ወደማምረት ስትደርስ ሉል የሀብታም ጌጥ መሆኑ ቀረ። ይህም በጎ ነው። ነገር ግን የዛጎሉ ምግብ እንዲራባ ፍግና ማዳበሪያ ወደ ኩሬና ሐይቅ ሲደፋ ውሃው ተበላሸ፤ የአካባቢ መንግሥታትም እርባታውን ወደ መገደብና መከልከል ሄዱ። ጥቁር ሉል በሚያመርቱት የፈረንሳይ ፖሊኔዢያ ደሴቶች ደግሞ የተጣለ የእርባታ ገመድና ፕላስቲክ የባሕሩ ሸክም ሆኗል።

ባሕሬን ሌላ መንገድ ይዛለች። የእርባታ ሉል ንግድን ከልክላ የቆየች ሲሆን ሦስት የሉል መስኮቿና ሙሐረቅ ውስጥ ያሉ የሉል ነጋዴ ቤቶች በ2012 በዩኔስኮ ተመዝግበዋል። ዛሬ ጎብኚ ፈቃድ አውጥቶ መጥለቅ ይችላል፤ የሚያወጣው ዛጎል በቁጥር የተገደበ ነው። የዛሬው ጠላቂ የሚወርደው ለደስታው ነው፤ ዕዳ የለበትም።

▪️ ሁለት ጥያቄዎች

ኩባጓ ውስጥ ባሕሩም ሰውም አለቀ። በባሕረ ሰላጤው ባሕሩ ተረፈ፣ ሰው ተሸጠ። አጎ ውስጥ ጠላቂው አረፈ፣ ውሃው ታመመ። ስለዚህ አንድ ጌጥ «ንጹሕ ነው» ሲባል መጠየቅ ያለባቸው ጥያቄዎች ሁለት ናቸው፤ ውሃው እንዴት ሆነ? ያወጣውስ ሰው እንዴት አደረ? አንዱን ብቻ የመለሰ ነጋዴ ግማሽ ዕዳውን ደብቋል።

ጥያቄዎቹ ከባሕር ርቀውም ይሠራሉ። በወሎ ደላንታ፣ ወገልጤና አካባቢ፣ ከ2008 ወዲህ ኦፓል እየወጣ ነው። ወጣቶች በገደል ወገብ ላይ ጠባብ ዋሻ እየቆፈሩ ይገባሉ፤ ዋሻው የተናደባቸውም አሉ። ብዙው ድንጋይ ተቆርጦ የሚያምረው እንደ ጃይፑር ባሉ የሕንድ ከተሞች ነው። ገደሉ ሲቦረቦር የሚቀረው ለደላንታ ገበሬ ነው፤ የተወለወለው ድንጋይ ደግሞ ለሌላ።

የኩባጓ ሰዎች ደሴታቸው ሲራቆት ዕቃቸውን ጭነው ወደ ሌላ ዳርቻ ሄዱ። የደላንታ ገበሬ ግን ገደሉ ቢናድ የሚሄድበት ሌላ ደላንታ የለውም።