የመቀሌው አማች

በ1928 ዓ.ም፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ መስከረም 30 ቀን ደጃዝማች ኃይለ ሥላሴ ጉግሣ ከድቶ ለጣልያን ገባ። መደዴ ሰው አልነበረም። የአፄ ዮሐንስ የልጅ ልጅ ልጅ ነው፤ የአፄ ኃይለ ሥላሴን ልጅ ልዕልት ዘነበ ወርቅንም አግብቶ ነበር።

ነገሩ የተበላሸው ቀደም ብሎ ነው። ልዕልቲቱ በ1925 ዓ.ም መቀሌ ላይ አረፈች፤ የደጃዝማቹ አባት ራስ ጉግሣ አርአያም ሞቱ። ንጉሠ ነገሥቱም ትግራይን ከፍለው ምሥራቁን ለአማቻቸው፣ ምዕራቡን ለራስ ሥዩም መንገሻ ሰጡ። እርሱ ግን መላውን ትግራይ ከነራስነቱ ይመኝ ነበርና ቂም ያዘ። ጣልያንም ያኮረፈ መኰንን ሲያይ ብር መላክ ያውቅበት ነበር። ከአስመራ ማስጠንቀቂያ ቢደርስም ቤተ መንግሥቱ ነገሩን ችላ አለው።

በግሪኮች ተረትም እንዲህ ያለ አማች አለ። የትሮይ ንጉሥ ፕሪያም ጦርነቱን ፈርቶ ትንሹን ልጁን ፖሊዶሮስን ከብዙ ወርቅ ጋር ለትራቄው ንጉሥ ለፖሊሜስቶር አደራ ሰጠ። አንዳንዶቹ ተራኪዎች ፖሊሜስቶርን የፕሪያም ልጅ ባል ያደርጉታል። ትሮይ ስትወድቅ አደራ በላው ልጁን ገድሎ ባሕር ጣለው፣ ወርቁን ወሰደ።

ወደ ነገራችን እንመለስ። ደጃዝማቹን ተከትሎ የከዳው 1,200 ያህል ሰው ነው፤ ጣልያኖች ከዚያ እጅግ የበዛ ይጠብቁ ነበር። ቢሆንም የመቀሌ መንገድ ጠባቂ አጣ። ጥቅምት 28 ቀን ጣልያን ከተማዋን ያለ ውጊያ ያዘ፤ አማችየውም አብሮ ገባ።

ጦርነቱ ወሎን አንኳኳ። ኅዳር 26 ቀን ደሴ በአውሮፕላን ተደበደበች። ወደ ሰሜን የዘመተው የኢትዮጵያ ሠራዊት በሐይቅ፣ በውጫሌ፣ በመርሳና በወልድያ አድርጎ ወደ ኮረም ወጣ፤ ውጫሌ ደግሞ በ1881 ዓ.ም ምኒልክ ከጣልያን ጋር የተዋዋሉባት ናት። መጋቢት 22 ቀን ማይጨው ላይ ድል ተመታ። ሠራዊቱ ሲያፈገፍግም ጣልያን ብርና ጠመንጃ ያደላቸው የራያና የአዘቦ ሰዎች ተኮሱበት፤ ከጥቂት ዓመታት በፊት አመፃቸው በኃይል ተደቁሶ ነበርና እነርሱም ቂም ነበራቸው። ሚያዝያ 7 ቀን ደሴ ተያዘች።

የሁለቱ አማቾች መጨረሻ ግን ይለያያል። በዩሪፒደስ ድራማ ፖሊሜስቶር ሌላ ወርቅ አለ ሲሉት ወደ ፖሊዶሮስ እናት ወደ ሄኩባ ድንኳን ገባ፤ የትሮይ ሴቶች ልጆቹን ገደሉበት፣ ዓይኑን አጠፉት። እርሱ ግን ለግሪኮች ብዬ ነው ያደረግሁት እያለ ይሟገት ነበር። ኃይለ ሥላሴ ጉግሣን ጣልያን ራስ አለው፤ አገሩን ግን ጣልያን ራሱ ገዛው። ከነጻነት በኋላ ለፍርድ ቀርቦ ሞት ተፈረደበት፤ ፍርዱም ወደ እስራት ተለወጠለት።