ከብርብር እስከ ድኅረ ምረቃ፦ የነገረ መለኮት ትምህርት በጋሞ

በጋሞ ደጋ ክርስትና ጥንታዊ ነው፤ ክርስትናን በዩኒቨርሲቲ ደረጃ መርምሮ የማስተርስና የዶክተር ማዕረግ መያዝ ግን ገና የትናንት ልማድ ነው። አካባቢው የመካከለኛውን ዘመን ክርስትና የሚያስታውስ ደብር፣ ጾምና በዓል ጠብቆ የቆየ ሕዝብ፣ በኋላም በወንጌላውያን ስብከት የተነሡ በርካታ ማኅበረ ምእመናን አሉት። ያም ሆኖ ከፍ ያለ ትምህርት የፈለገ ሁሉ ተራራውን ወርዶ ሌላ አገር መሄድ ነበረበት። የጋሞ የነገረ መለኮት ትምህርት ታሪክ በአብዛኛው የዚህ ጉዞ ታሪክ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የነገሡትን ዐፄ ይስሐቅን በሚያወድሱ የአማርኛ ግጥሞች ውስጥ፣ ለንጉሡ ይገብሩ ከነበሩት አገሮች መካከል የጋሞ ስም ይገኛል። ክርስትና ወደ ደጋው የገባበት ዘመን ከዚሁ ብዙም እንደማይርቅ የሚመሰክሩት ከአባያ ሐይቅ በስተ ምዕራብ ያለችው ብርብር ማርያምና እንደ እርሷ በተራራው ላይ የተተከሉት ሌሎች ጥንታዊ አብያተ ክርስቲያናት ናቸው። በ16ኛው መቶ ዓመት የግራኝ አሕመድ ጦርነትና ተከትሎት የመጣው የሕዝብ እንቅስቃሴ ደቡቡን ከሰሜኑ ሲያቋርጠው፣ የጋሞ ክርስቲያኖች ጳጳስም መምህርም ሳይደርሳቸው ለብዙ ትውልድ ኖሩ። ካህናቱ የቀረቻቸውን ንባብና ሥርዓት ከአባት ወደ ልጅ አስተላለፉ፤ ሕዝቡም መስቀልን የዓመቱ ታላቅ በዓል አድርጎ ያዘ። ዛሬም በጋሞኛ ማስቃላ የሚባለው ይህ በዓል በጋሞ ዘመን የሚለወጥበት፣ ቤተ ዘመድ የሚሰበሰብበት፣ ጠበኛ የሚታረቅበት በዓል ነው። ጀርመናዊው የኢትኖሎጂ ተመራማሪ አይከ ሃበርላንድ በ1976 ያሳተመው መጽሐፍ ሙሉ በሙሉ በዚህ በደቡብ ኢትዮጵያ የጥንት ክርስትና ቅሬታ ላይ የተጻፈ ነው።

ትምህርት ቤት ያልነበረው ክርስትና ምን ዓይነት አስተሳሰብ እንደ ወለደ ለመረዳት የዶርዜን ነብር ማስታወስ ይበቃል። ፈረንሳዊው አንትሮፖሎጂስት ዳን ስፐርበር ከጋሞ ማኅበረሰቦች አንዱ በሆነው በዶርዜ ኖሮ ባጠናው መሠረት፣ ዶርዜዎች ነብር ክርስቲያን እንስሳ እንደ ሆነና የቤተ ክርስቲያንን ጾም እንደሚጠብቅ ይናገራሉ። ይህን የሚል ዶርዜ ግን ረቡዕና ዓርብ ከብቱን ከመጠበቅ አይቦዝንም። ስፐርበር ከዚህ ተነሥቶ በ1974 በፈረንሳይኛ፣ በ1975 በእንግሊዝኛ የታተመ ስለ ምልክታዊ አስተሳሰብ የሚያትት መጽሐፍ ጻፈ፤ የዶርዜም ነብር በዓለም ዩኒቨርሲቲዎች የታወቀ ምሳሌ ሆነ። ፍጥረት ሁሉ ከሰው ጋር እግዚአብሔርን ያመልካል የሚለው ሐሳብ በነገረ መለኮት ውስጥ ሰፊ ስፍራ ያለው ነው። በጋሞ የተገኘውን ምስክርነት ግን ቀድሞ የመረመረው የነገረ መለኮት ተማሪ ሳይሆን የአንትሮፖሎጂ ሰው ነበር። ይህ አጋጣሚ በኋላም ደጋግሞ የሚታይ ነው።

በሰሜኑ የቤተ ክርስቲያን ከፍተኛ ትምህርት በራሱ መንገድ የተሟላ ነበር። ተማሪው ከንባብ ቤት ወደ ዜማ ቤት፣ ከዚያ ወደ ቅኔ ቤት ያልፋል፤ በመጨረሻም መጻሕፍት ቤት ገብቶ ከብሉይ፣ ከሐዲስ፣ ከሊቃውንትና ከመነኮሳት መጻሕፍት አንዱን ወይም ሌላውን ከነትርጓሜው ይማራል። በአንድምታው ትርጓሜ የግእዙ ንባብ ይነገራል፤ ከዚያ በአማርኛ «አንድም» እየተባለ የአባቶች ሐሳብ በየተራ ይደረደራል። ጉባኤውን የጨረሰ በመምህሩ ፊት ያስመሰክራል። እያንዳንዱ ሙያ የየራሱ ማስመስከሪያ ቦታ አለው፤ ድጓ በቤተ ልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት በዙር አምባ፣ አቋቋም በጎንደር። አራቱንም ጉባኤ ያወቀ አራት ዓይና ይባላል። በ1215 ለፓሪስ ዩኒቨርሲቲ የወጣው ደንብ የነገረ መለኮት መምህር የሚሆን ሰው ቢያንስ 35 ዓመት የሞላው፣ ስምንት ዓመትም የተማረ እንዲሆን ያዝዝ ነበር። አራት ዓይናው ከዚያ የሚበልጥ ዕድሜ በትምህርት ያሳልፍ ነበርና፣ የአገሪቱ ድኅረ ምረቃ ከዩኒቨርሲቲ በፊት በጉባኤ ቤት ነበረ ማለት አያሳፍርም። ጉዳቱ ጉባኤ ቤቶቹ ከጋሞ እጅግ የራቁ መሆናቸው ነበር።

በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ የዐፄ ምኒልክ ጦር ጋሞን ሲይዝ ካህናት ከሠራዊቱ ጋር መጡ። በከተማዎቹ፣ በተለይም የአገረ ገዢው መቀመጫ በሆነችው በጨንቻ፣ አብያተ ክርስቲያናት ተተከሉ፤ ከየደብሩ አጠገብ ፊደልና ዳዊት የሚያስተምሩ የኔታዎች ተቀመጡ። የጥንቶቹ ደብሮችም ከቤተ ክህነቱ ጋር እንደገና ተገናኙ። ትምህርቱ ግን በግእዝና በአማርኛ ስለነበር፣ በጋሞኛ ለሚያስበው ገበሬና ሸማኔ ከሥርዓቱ አልፎ ወደ ምስጢሩ የሚያደርስ ድልድይ አልተሠራለትም።

ድልድዩን በሌላ አቅጣጫ የሞከሩት ሌሎች ናቸው። ኤሳ ላሌ የሚባል ሰባኪ በኦሞ አካባቢ ሕዝቦች መካከል እየተዘዋወረ፣ ፈጣሪ ጦሳ ብቻ እንዲመለክና ለመናፍስት መሠዋት እንዲቀር ያስተምር ነበር። የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሲዮን ሰዎች ደግሞ በ1927 መጨረሻ ኢትዮጵያ ገብተው፣ በሚቀጥለው ዓመት ወደ ደቡብ ወረዱ፤ ወላይታ ሶዶን ማዕከል አድርገው ጋሞ ድረስ ዘለቁ። የጣሊያን ወራሪዎች በ1937 ሚሲዮናውያኑን ሲያስወጡ በወላይታ የተጠመቁት 48 ሰዎች ብቻ ነበሩ። ሚሲዮናውያኑ ከነጻነት በኋላ ሲመለሱ በአሥር ሺህ የሚገመት ምእመን ጠበቃቸው። የወላይታ ወንጌላውያን ሚስትና ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ጋሞና ወደ ጎፋ የዘመቱት ከዚህ መነቃቃት ተነሥተው ነው። አብዛኞቹ ከወንጌል ጥቂት ክፍል ከማንበብ ያለፈ ትምህርት አልነበራቸውም፤ የሚናገሩት ቋንቋ ግን ከጋሞኛ ጋር የቀረበ ስለሆነ የተናገሩት ይሰማ ነበር። ከ1950ዎቹ አንሥቶም የኖርዌይ ሉተራን ሚሲዮን በያኔው ጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ጊዶሌ ላይ ሥራ ሲጀምር፣ ሦስተኛ ወገን ተጨመረ።

ዘመናዊው የነገረ መለኮት ትምህርት በአዲስ አበባ የጀመረው በመንፈሳዊ ትምህርት ቤትነት በ1942 በተከፈተው በቅድስት ሥላሴ ነው። ትምህርት ቤቱ ወደ ኮሌጅ ደረጃ አድጎ፣ በ1961 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲመሠረት የዩኒቨርሲቲው አካል ሆነ። በዚያ ዘመን በኢትዮጵያ ነገረ መለኮት ከሕግና ከምህንድስና ጎን ቆሞ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ስም ዲግሪ ይሰጥበት ነበር፤ ከዚያ በኋላ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ይህ አልተደገመም። ዲግሪው ግን የመጀመሪያ ዲግሪ ነበር። ከዚያ በላይ የፈለገ ባሕር መሻገር ነበረበት። ጌታቸው ኃይሌ በካይሮ የኮፕቲክ የነገረ መለኮት ኮሌጅ ተምረው በ1962 በጀርመን ቱቢንገን ዶክተር ሆኑ፤ የኋላው አቡነ ጎርጎርዮስ በግሪክ፣ አቡነ ጳውሎስ በአሜሪካ ፕሪንስተን ተማሩ። በወንጌላውያኑ በኩል የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ሴሚናሪ በ1960 በአዲስ አበባ ተከፈተ። የዚያች ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳም ከ1963 እስከ 1966 በሚኔሶታ በሉተር ሴሚናሪ ተምረው ነበር።

ደርግ ይህን ሁሉ አናጋው። የሥላሴ ኮሌጅ በ1977 ተዘጋ፤ ጉዲና ቱምሳ በ1979 ታፍነው ተገደሉ። ጋሞ ጎፋ የወንጌላውያን ጸሎት ቤቶች በብዛት ከተዘጉባቸው ክፍለ አገሮች አንዱ ሆነ፤ ምእመናኑ በየቤቱ፣ አንዳንዴም በየጫካው መሰብሰብ ግድ ሆነባቸው። መጽሐፍ ቅዱስን በእጅ እየገለበጡና በቃል እያጠኑ ያለፉት እነዚያ ዓመታት ለትምህርት ባዶ አልነበሩም። ለድኅረ ምረቃ የሚበቃ ሰው ማፍሪያ ግን አልሆኑም። በዚያው ጭንቅ ዘመን፣ በ1983፣ አዲስ አበባ ላይ የኢቫንጀሊካል ቴዎሎጂ ኮሌጅ መከፈቱ የሚያስደንቅ ነው። በዚያው ዓመት በናይሮቢ የተከፈተው የወንጌላውያን የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤትም መውጫ ላገኙ ኢትዮጵያውያን ቅርብ አማራጭ ሆነ።

ከደርግ ውድቀት በኋላ ሁኔታው በፍጥነት ተለወጠ። ሥላሴ በ1994 ተከፍቶ ቀስ በቀስ የማስተርስ መርሐ ግብር ጀመረ፤ በቅርቡም የዩኒቨርሲቲ ስም ያዘ። ከሱዳን ኢንቲሪየር ሚሲዮን ሥራ የተወለደችው ቃለ ሕይወትና ሉተራናዊቷ መካነ ኢየሱስ በ1990ዎቹ መጨረሻ በአዲስ አበባ የኢትዮጵያ የነገረ መለኮት ድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤትን በጋራ አቋቋሙ። ይህ እርምጃ ከሁሉ የበለጠ ክብደት ሊሰጠው ይገባል። ሁለቱ አብያተ ክርስቲያናት በጥምቀትና በአስተዳደር ሥርዓት ይለያያሉ፤ በደቡብ መንደሮችም ጎን ለጎን ሲሠሩ መሻማት አልጠፋም። የወደፊት መምህሮቻቸውን በአንድ ክፍል ማስቀመጣቸው ግን አንድ ነገር አረጋገጠ፤ ከአርባ ምንጭም ሆነ ከነቀምት የሚመጣ ተማሪ አገሩን ሳይለቅ፣ ዕብራይስጥና ጽርዕ ተምሮ፣ የመመረቂያ ጥናት ጽፎ በመምህራን ጉባኤ ፊት የሚሟገትበት ቦታ አገኘ።

በዘመናዊው ድኅረ ምረቃ ትምህርቱ በአራት ዘርፍ ይከፈላል፤ መጽሐፍ ቅዱስ፣ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ፣ ሥርዓታዊ ነገረ መለኮትና የአገልግሎት ጥናት። ክፍፍሉ በ19ኛው መቶ ዓመት በጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች የተደላደለ ስለሆነ፣ ለጋሞ ዓይነት አገር ሁልጊዜ የሚመች አይደለም። ለምሳሌ ጎሜ የሚባለው የጋሞ እምነት ከየትኛው ዘርፍ ይገባል? ጎሜ የተከለከለን ነገር በማድረግ የሚመጣ ጥፋት ነው፤ ሕመም፣ ድርቅ፣ የልጅ መሞት ሊያስከትል ይችላል። ሰውየው ጥፋቱን በሽማግሌዎች ፊት ካልተናዘዘና ካልታረቀ አይነሣም። ኃጢአት የግል ነው ወይስ የማኅበር? ኑዛዜ ለማን ነው? መከራ ሁሉ የጥፋት ውጤት ነው ወይስ የኢዮብ ጓደኞች እንደ ተሳሳቱ እዚህም መሳሳት አለ? እነዚህ የነገረ መለኮት ዋና ጥያቄዎች ናቸው። ብዙ አማኞችም ወንጌላዊ የሆኑት ከጎሜ ፍርሃት ነጻ ለመውጣት እንደ ሆነ ይናገራሉ። ሆኖም ጎሜንና ሥርዓቱን በሰፊው የመረመሩት ዱቡሻን (የአደባባይ ሸንጎውን)፣ ሃላቃን (ተመራጩን መሪ) እና ካዎን (ንጉሡን) ሊያጠኑ የመጡ አንትሮፖሎጂስቶች ናቸው። እንግሊዛዊቷ ዴና ፍሪማን በጋሞ ደጋ በዶኮ ያደረገችውን ጥናት በ2002 በመጽሐፍ አሳተመች፤ በኋላም የጴንጤቆስጤ እምነት በደጋው ኑሮና ንግድ ላይ ያመጣውን ለውጥ ጽፋለች። ከሚሲዮኑ ወገን ፖል ባሊስኪ በ1997 በስኮትላንድ አበርዲን ዩኒቨርሲቲ ያቀረበው የዶክትሬት ጥናት ደግሞ የወላይታ ወንጌላውያንን ጉዞ የሚከተል ነው። ጠቃሚ ሥራዎች ናቸው፤ የተጻፉት ግን በውጭ ቋንቋ፣ የሚገኙትም በሩቅ ቤተ መጻሕፍት ነው።

የጎሜ ጥያቄ የመጽሐፍ ብቻ እንዳልሆነ በመስከረም 2018 ታይቷል። በአዲስ አበባ አጠገብ በቡራዩ በደረሰው ጥቃት ወገኖቻቸውን ያጡ ወጣቶች በአርባ ምንጭ ለበቀል ሲነሡ፣ የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው በፊታቸው ተንበረከኩ፤ ወጣቶቹም ተመለሱ። ሣር የያዘን ሽማግሌ ማለፍ ራሱ ጎሜ ነው። ከተመለሱት ወጣቶች ብዙዎቹ በእሑድ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ ክርስቲያኖች እንደ ነበሩ አያጠራጥርም። በክርስቶስ ስለ ይቅርታ የሚሰበከውና ሽማግሌዎቹ በሣር ያደረጉት በአንድ ሰው ልብ ውስጥ እንዴት እንደ ተገናኙ ማጥናት ለማንኛውም የማስተርስ ተማሪ የሚበቃ ርዕስ ነው።

አርባ ምንጭ ራሷ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተቆረቆረች፣ የጠቅላይ ግዛቱንም መቀመጫነት ከጨንቻ የወሰደች ከተማ ናት። በ1986 የተከፈተው የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቷ በ2004 ዩኒቨርሲቲ ሆኗል፤ በብዙ ሙያም ድኅረ ምረቃ ያስተምራል። ነገረ መለኮት ከእነዚህ ውስጥ የለም፤ የ1995ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ በሆነ መንገድ እንዲሰጥ ስለሚደነግግ፣ ለእምነት አገልግሎት የሚያሠለጥነው ትምህርት ለአብያተ ክርስቲያናት ተትቷል። ይህ ትክክለኛ ድንበር ነው። ድንበሩ ግን ብራና ማንበብን፣ የአፍ ታሪክ መሰብሰብን፣ የጋሞኛ የእምነት ቃላትን መመዝገብን አይከለክልም፤ ታሪክ፣ ቋንቋና የአንትሮፖሎጂ ጥናት በዩኒቨርሲቲው በኩል፣ ትርጓሜው በኮሌጆቹ በኩል ተጋግዘው ሊሠሩት ይችላሉ።

ዛሬም ነገረ መለኮትን በማስተርስ ደረጃ ለመማር ከአርባ ምንጭ የሚነሣ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠብቀው 500 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው የአዲስ አበባ መንገድ ነው። መሄዱ አይጎዳም፤ የቅኔ ተማሪም ዋድላና ጎንጅ ድረስ ይሄድ ነበር። የመመረቂያውን ርዕስ ግን ከጋሞ ይዞ ይሂድ። የብርብርን ቅርስ የሚጠብቁት ካህናት፣ ከወላይታ የመጡትን የመጀመሪያዎቹን ወንጌላውያን የሚያስታውሱት ምእመናን፣ የዱቡሻን ሕግ የሚያውቁት ሽማግሌዎች አርጅተዋል። ላኪዎቹ አብያተ ክርስቲያናት፣ ኦርቶዶክስም ወንጌላውያንም፣ ለተማሪዎቻቸው ከሚከፍሉት ገንዘብ ጥቂቱን እነዚህን ሰዎች ለመጠየቅና ቃላቸውን ለመመዝገብ ይመድቡ፤ የተጻፈውንም የጥናት ቅጂ ወደ አርባ ምንጭ ይመልሱ።