የትምህርት ጉዞ፦ ከይምርሐነ ክርስቶስ እስከ ዘመናችን ዩኒቨርሲቲ

ከላሊበላ ከተማ በስተሰሜን፣ በላስታ ተራሮች መካከል፣ የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በሰፊ ዋሻ ውስጥ ታንጾ ይገኛል። ያሠራው ከንጉሥ ላሊበላ በፊት የነገሠው የዛጉዌው ንጉሥ ይምርሐነ ክርስቶስ ነው። ግድግዳው የእንጨት ማሰሪያና በነጭ የተለሰነ ድንጋይ እየተፈራረቁ የተነባበሩበት ነው። ይህ አሠራር ከአክሱም ዘመን የተወረሰ ሲሆን በደብረ ዳሞም ይታያል። ኋላም በላሊበላ የቤተ አማኑኤል ጠራቢዎች ያንኑ ንብርብር በአለት ላይ ቀርጸውታል። አንድ የግንባታ ጥበብ ከአገር አገር፣ ከትውልድ ትውልድ የተሻገረው ተማሪና መምህር ተገናኝተው በሠሩበት ሥራ መሆኑን መገመት አያዳግትም።

ከቤተ ክርስቲያኑ በስተጀርባ የብዙ ሰዎች አፅም ተከማችቶ ይታያል። የአካባቢው ትውፊት ከእነዚህ ብዙዎቹ ከግብፅ፣ ከሶርያና ከኢየሩሳሌም የመጡ ተሳላሚዎች እንደነበሩ ይናገራል። በላስታ ሕዝብ ትዝታ እንግዲህ አገሪቱ ልጆቿን ወደ ውጭ የምትልክ ብቻ ሳትሆን ከሩቅ የሚመጣውንም የምትቀበል ነበረች። በአገር ውስጥም የቆሎ ተማሪው ቅኔ ፍለጋ ከላስታ ጎጃም ሲሻገር፣ የማያውቀው መንደር እየመገበ ያስተምረው ነበር። የዛሬው የዓለም አቀፍ የተማሪዎች ልውውጥም ሊመዘን የሚገባው በዚሁ በመላክና በመቀበል ሚዛን ነው።

በጥንቱ ዘመን ከነበሩት ተጓዦች አንዱ የቤተ አማራው መካነ ሥላሴ ሰው አባ ጎርጎርዮስ ናቸው። በሮም ከጀርመናዊው ሊቅ ከኢዮብ ሉዶልፍ ጋር ተዋውቀው፣ በ1652 እ.ኤ.አ. ወደ ጎታ ተጉዘው ግዕዝና አማርኛን፣ የአገራቸውንም ታሪክ አስተማሩት። ሉዶልፍ ከእርሳቸው ባገኘው ዕውቀት መጻሕፍት አሳተመ። አባ ጎርጎርዮስ ግን በ1658 እ.ኤ.አ. ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከባቸው ሰጥማ ሞቱ። በአውሮፓ ያዩትንና የሰሙትን ለአገራቸው ለማካፈል አልታደሉም።

በዘመናዊው ትምህርት መጀመሪያ የላኪነቱ ሥራ በረታ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ወደ ሩሲያ ሄደው በፒተርስቡርግ የመድፈኛ ትምህርት ተማሩ፤ የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ረቂቅም በእርሳቸው እጅ ተዘጋጀ። የሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ልጆች ቢንያምና ዮሴፍ ደግሞ በእንግሊዝ አገር ምህንድስና ተምረው ተመለሱ። ነገር ግን በ1929 ዓ.ም. ፋሺስቶች ከገደሏቸው ምሁራን መካከል ሆኑ። በብዙ ድካምና ወጪ የተገኘው የዚያ ትውልድ ዕውቀት ገና ፍሬ ሳይሰጥ ባጭሩ ተቀጨ።

ከነፃነት በኋላ በ1942 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመሠረተ። የምህንድስና ኮሌጅም ተከፈተ፤ በስዊድን ትብብርም የሕንፃ ሥራ ኮሌጅ ተቋቋመ። ኢትዮጵያ ተቀባይ ለመሆን የበቃችው ከዚህ በኋላ ነው። በሚያዝያ 1950 ዓ.ም. በአክራ በተደረገው የነፃ አፍሪካ መንግሥታት ጉባኤ ኢትዮጵያ ለአፍሪካ ተማሪዎች ነፃ የትምህርት ዕድል እንደምትሰጥ አስታወቀች። ከኬንያ፣ ከኡጋንዳ፣ ከታንጋኒካና ከሌሎች አገሮች ወጣቶች መጡ። ከእነርሱም አንዱ ሮበርት ኡኮ ኋላ የኬንያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ለመሆን በቅተዋል።

እነዚህ እንግዶች ተማሪዎች ብቻ አልነበሩም። በአገራቸው የለመዱትን የክርክርና የማኅበር ልማድ ይዘው ስለመጡ፣ ለኢትዮጵያውያኑ የተማሪ እንቅስቃሴ መነቃቃት የበኩላቸውን አስተዋጽኦ አድርገዋል። ተቀባዩ ከተቀባይነቱ የሚያገኘው ጥቅም ምን ያህል እንደሆነ ከዚህ ይታያል።

ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ብዙ ወጣቶች ወደ ሶቪየት ኅብረት፣ ወደ ምሥራቅ ጀርመንና ወደ ኩባ ተላኩ። ከተመለሱት ብዙዎቹ በየመሥሪያ ቤቱ አገራቸውን አገልግለዋል። ሌሎች ግን በፖለቲካው መከራና በኑሮ ምክንያት በሄዱበት ቀሩ። የምሁራን ፍልሰት ዛሬም መፍትሔ ያላገኘ ችግር ነው። በሌላ በኩል በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ የዓለም ባንክ ድጋፍ ያገኘው የአፍሪካ ምድር ባቡር የትምህርትና የምርምር ተቋም የሌሎች አፍሪካ አገሮችን ተማሪዎች ተቀብሎ ማስተማሩ፣ የ1950ው ሐሳብ ጨርሶ እንዳልጠፋ ያመለክታል።

በተለይ ለምህንድስና ሙያ ይህ ታሪክ ግልጽ ትምህርት አለው። ወደ ውጭ የተላከ ወጣት ተመልሶ የሚሠራበት መሥሪያ ቤትና ቤተ ሙከራ ሊያገኝ ይገባል፤ አለዚያ ወጪው የአገር፣ ጥቅሙ የባዕድ ይሆናል። የጎረቤት አገር ተማሪ ደግሞ ወደዚህ የሚመጣው እዚህ የሚማረው ልዩ ነገር ሲኖር ነው። የመስኖ፣ የግድብና የደጋ መንገድ ሥራ ኢትዮጵያ በራሷ መሬት ላይ የምትፈትናቸው ሙያዎች ናቸው። የይምርሐነ ክርስቶስንና የላሊበላን ሕንፃዎች መጠገንና መጠበቅም እንደዚሁ ነው። ስለዚህ በየጊዜው ወደ ውጭ የሚላከው ተማሪ ሲቆጠር፣ ከውጭ የመጣውና ከሄደበት የተመለሰውም በዚያው መዝገብ አብሮ ሊቆጠር ይገባዋል።