በመድረኩ ያልተሰማው «ፍቅር ልቤ»

ዲጂታል የዘፈን ቅጂ፤ የካቲት 2012 ዓ.ም.፣ እስራኤል
ድምፃዊት፦ ኤደን አለነ
ግጥምና ዜማ፦ ዶሮን መዳሊና ኢዳን ራይሄል

ዘፈኑ የተሠራው እስራኤልን ወክሎ በሮተርዳም፣ ኔዘርላንድስ፣ በዩሮቪዥን የዘፈን ውድድር እንዲቀርብ ነው። ኤደን ከኢትዮጵያ ከሄዱ ቤተሰቦች በ1992 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ተወለደች፤ እስራኤልን በዚህ ውድድር የወከለች የመጀመሪያዋ ቤተ እስራኤላዊትም ናት። ራይሄል አማርኛን ከዕብራይስጥ ጋር እያጣመረ በመዝፈን ቀድሞም የታወቀ ነው።

ማዳመጫውን ጆሮዎ ላይ ያድርጉ። እንግሊዝኛ፣ ዕብራይስጥ፣ ዐረብኛና አማርኛ በሦስት ደቂቃ ውስጥ ይፈራረቃሉ፤ ከደብረ ማርቆስ የመጣ ጎብኚ ያለ አስተርጓሚ የገዛ ቋንቋውን ይሰማል። ኢትዮጵያ በውድድሩ ተሳታፊ አገር ሆና ስለማታውቅ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

መጋቢት 9 ቀን 2012 ዓ.ም. ውድድሩ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ተሰረዘ። ደንቡ የዚያን ዓመት ዘፈኖች ለቀጣዩ ውድድር ስላልፈቀደ ኤደን በ2013 ዓ.ም. ሮተርዳም የሄደችው «ሴት ሚ ፍሪ» የተባለ ሌላ ዘፈን ይዛ ነው። ግማሽ ፍጻሜውን አልፋ፣ ግንቦት 14 በተካሄደው ፍጻሜ በ93 ነጥብ 17ኛ ወጣች።